ሁለተኛው ጉርሻ

ቆቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለው ሆቴል የፓስታ ስጎ ሲሸተኝ ዛሬም እርምጃዬ ይከብዳል። ልጅ ሳለሁ፣ እህቴ ወደ ዓረብ አገር የሄደች ቀን፣ ቤተሰቡ ምሳ የበላው እዚያ ነበር። በየሳህናችን የቀረበውን ፓስታ አባዬ አንድ ትሪ ላይ ገለበጠውና «ለየብቻ የሚበላ የተጣላ ሰው ነው» አለ። በእንጀራ ጠቅልሎ እህቴን አጎረሳት። ወዲያው አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ፤ አፏ እንደሞላ ሻንጣዋን አንስታ ሮጠች። አባዬ ሁለተኛውን ጉርሻ ይዞ፣ ስጎው በክንዱ እየወረደ፣ «ቆዪ እንጂ ልጄ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያለ እስከ በሩ ተከተላት። አልደረሰባትም። ተመልሶ ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው፤ ማናችንም አልነካነውም።

የእህቴ ድምፅ ከጠፋ ስንት ዘመን ሆነ። ሰው ሲጠይቀው አባዬ አሁንም «አንድ ብቻ ነው ያጎረስኳት» ይላል።