በአዴ ጣሪያ ላይ የተከልኩት አንቴና

እኔ ቶሎ የምገነፍል ሰው ነኝ። ሚስቴ ስንት ጊዜ ነግራኛለች፤ ማን ሰምቶ!

አዴ የምንላቸው አሮጊት ጀጎል ውስጥ፣ በአሮጌው ከተማ ግንብ ጥግ ይኖሩ ነበር። የእኛ ቤት ከግንቡ ውጭ፣ ከጣሪያቸው ፊት ለፊት ነው። በዚያን ሰሞን ዳሌያቸው ተሰብሮ ከአልጋ አይወርዱም። ጅዳ ያለች ታናሽ እህታቸው ደግሞ በጠና ታማ አንደበቷ ተዘግቷል። በእናታቸው ጌጥ ተጣልተው ለዓመታት ተኳርፈው ነበር።

«ስልክ ምን ያደርግልኛል? አትመልስልኝ» አሉኝ። «ፊቷን እያየሁ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልበላት። ራሷን ብትነቀንቅልኝ ይበቃኛል።»

የሞባይሉ ኢንተርኔት በዚያ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ምስል አይስብም። እኔ ቤት ግን የመስመር ኢንተርኔት ስላለ፣ በአየር ላሻግርላቸው ብዬ ሁለት አንቴና ገዛሁ። አንዱን የእኛ ጣሪያ ላይ ተከልኩ፤ ሌላውን ይዤ እሳቸው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሚስቴ ከወዲያ የአንቴናውን የሲግናል መብራቶች እያየች በስልክ፣ «ሁለት መብራት በራ! ትንሽ ወደ ግራ... ኧረ አለፍከው!» ትለኛለች።

ጀጎል ውስጥ ጣሪያ የሚወጣ ሰው የጎረቤት ግቢ ስለሚታየው አስቀድሞ ጮክ ብሎ ይጣራል። ረሳሁት። ጎረቤታቸው ግቢዋ ውስጥ ፀጉሯን ስትታጠብ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ባለጌ! ሳትጣራ?»

«አንቴናዬን ነው የማየው! ያንቺን ፀጉር ማን አየው?» አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

አዴ ከአልጋቸው ሆነው ሰምተዋል። «ሂድና አውፍ በይኝ በላት። እሷን አስቀይሜ አንቴና አላስተክልም» አሉኝ። ለበጎ ሥራ ወጥቼ እኔው ይቅርታ ልጠይቅ? ቤቴ ገብቼ ሁለት ቀን አኮረፍኩ።

በሦስተኛው ቀን የጎረቤቷን በር አንኳኳሁ። «አጥፍቻለሁ፣ አውፍ በይኝ።»

«አውፍ ብያለሁ። አሁን ተጣርተህ ውጣ» አለችና ሳቀች። ይኸው ነበር፣ በቃ።

«እየወጣሁ ነው!» ብዬ ስጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ብዙም ሳልቆይ መብራቶቹ በሙሉ በሩ።

ስልኩን ለአዴ አቀበልኳቸው። ጅዳ ያለችው የእህታቸው ልጅ ካሜራውን ወደ አልጋው አዞረች። እህታቸው ዓይኗን ጨፍናለች።

«ከትናንት ጀምሮ አልገለጠችም» አለች ልጅቷ።

አዴ «አውፍ በይኝ፣ እህቴ» አሉ። ደገሙት። ጠበቁ። ራሷ አልተነቃነቀም።

ከትናንት ጀምሮ! እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳኮርፍ ማለት ነው። አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ፣ «አዴ፣ አውፍ...» ስል አላስጨረሱኝም።

«ብያለሁ፣ ልጄ። እኔ አላስጠብቅህም።»