ሐሰበላህ በእጁ ያጎረሰው ጉበት

ሐሰበላህ በሱዳን፣ በታምቡል ከተማ ግመል አራጅ ነው። የታምቡል ሰው ደግሞ ግመል ሲጥል ጉበቱን እሳት አያሳይም፤ ትኩሱን ቆራርጦ በሎሚና በሽንኩርት ጥሬውን ነው የሚበላው። እንግዳ ካለማ የመጀመሪያዋን ቁራጭ አራጁ ራሱ ያጎርሰዋል። እምቢ ማለት ቤቱን መናቅ ነው፤ ማን ደፍሮ!

የታናሽ ወንድሙ የባቢክር ኩላሊት ሥራ ሲያቆም አንዱን ኩላሊቱን የሰጠው ሐሰበላህ ነው። ባቢክር ድኖ አገሩ የገባ ዕለት ግመል ታረደለት። "ሐኪሞቹ ጥሬ ነገር ከልክለውኛል" ቢል ሐሰበላህ ሳቀበት።

"የእኔን ኩላሊት ተሸክመህ የግመሌን ጉበት ልትፈራ? ና ወዲህ፣ አፍህን ክፈት!"

ከዚያ ወዲያ በየአርቡ አጎረሰው። ደግ የሠራ መስሎት እኮ ነው፣ የዋህ!

በአራተኛው ወር የባቢክር ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ምግብ ዘጋው። ወንድማማቾቹ መደኒ ከተማ ሆስፒታል ሄዱ። ዶክተር ኢኽላስ የምርመራውን ወረቀት ደጋግማ አየችው።

"የተለመዱትን የጉበት ቫይረሶች አላገኘንም። ጥሬ ሥጋ በልተሃል?"

"ኧረ በጭራሽ!" አለ ባቢክር፤ ወደ ወንድሙ ዞር እንኳ አላለም።

ሐሰበላህ ደነገጠ። ይሄ ልጅ ለማን ብሎ ነው የሚዋሸው? ለእሱ ብሎ ነዋ! የወንድሙን ስም እንዳያጠፋ።

"እንግዲያው የሰውነትህ መከላከያ ራሱ ጉበትህን እያጠቃ ይሆናል" አለች ዶክተሯ። "እሱን የሚያዳክም ጠንከር ያለ መድኃኒት አዝዝልሃለሁ።" መጻፍ ጀመረች።

ሐሰበላህ ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ አለ።

"ዶክተር፣ ጥሬ... በልቶ ቢሆንስ?"

ባቢክር በክርኑ ጎሸመው።

"ግመልም ወደ ሰው የሚሻገር የጉበት ቫይረስ አለው" አለች ዶክተሯ። " እሱ ከሆነ ይህ መድኃኒት ቫይረሱን ይለቅበታል። ሊገድለው ይችላል።"

"እኔም እኮ እበላለሁ፤ ይኸው ደህና ነኝ!"

"የአንተ ሰውነት ይታገላል። የእሱን ግን የተሰጠውን ኩላሊት እንዳይገፋ ብለን በመድኃኒት አስረነዋል።"

ሐሰበላህ ወንበሩን ይዞ ቆመ። ቢናገር አገር ይሰማል፤ ገዳይ ይባላል። ዶክተሯ ባቢክር አልበላሁም ማለቱን አምና የመድኃኒቱን ወረቀት ልትሰጠው እጇን ዘረጋች።

"እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። "እምቢ እያለኝ ያጎረስኩት እኔ ነኝ፣ በየአርቡ!"

"ምነው ሐሰበላህ!" አለ ባቢክር በሐፍረት።

ዶክተሯ ወረቀቱን ቀደደችና ሌላ ደም አስቀዳች። በሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ፤ የግመሉ ቫይረስ ነው።

"ይተርፋል?" አለ ሐሰበላህ።

"ሰውነቱ ቫይረሱን እንዲታገል ያሰርንበትን መድኃኒት እንቀንሳለን። ስንቀንስ ግን ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል።"

ሐሰበላህ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ባቢክር ቢጫ ዓይኑን ወደ እሱ አዞረና ትከሻውን መታ አደረገው።

"አይዞህ፣ ሁለተኛውን አልጠይቅህም።"

ሐሰበላህ መሳቅ አቃተው።