ክብሪቱን የምትቀበለው ልጅ

ሽማግሌው ባሌ ለሚ የአንድ ልብስ ፋብሪካ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ከገባ ወዲህ ቤታችን አንዲት ሴት ገብታለች። በእግሯ አልገባችም፤ በአፉ ነው ያስገባት። በጋዝ በሚሠራ ፎርክሊፍት ጭነት የምታነሳ፣ የልጅ ልጃችን እኩያ ናት። ራት በቀረበ ቁጥር «ልጅቷ እንዲህ አለች፣ ልጅቷ እንዲህ አደረገች» ነው።

ይሄን ችዬው ነበር። ያበገነኝ የሲጋራው ነገር ነው። ከተጋባን ጀምሮ ቤት ውስጥ አታጭስብኝ እያልኩ ለምኜ፣ አኩርፌ፣ የንስሐ አባታችንን ሳይቀር ልኬበት ጆሮ ዳባ ልበስ ያለኝ ሰውዬ፣ እሷ የፎርክሊፍቱን የጋዝ ሲሊንደር ስትቀይር ክብሪቱን አውጥቶ እንደሚያስረክባት ራሱ በኩራት ነገረኝ። ደግሞ ያዝንላታል፦ ጋዙ ካመለጠ በቅዝቃዜው ያቃጥላል፣ ምስኪን እጇን። የእኔን እጅ ስንት ድስት ሲፈጀው ኖሯል፣ አንድ ቀን ዞር ብሎ አይቶታል?

እንግዲህ ምሳህን ረስተሃል ብዬ ሄድኩ። አልረሳም። ጠዋት ከፌስታሉ ያወጣሁበት እኔው ነኝ።

በሩ ላይ ቆመን ምሳውን ሳቀብለው ልጅቷ ፎርክሊፍቱን ከመጋዘኑ አውጥታ ሜዳ ላይ አቆመችው። ቆንጆ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ቅጥነቷ፣ የፊቷ አቧራ! መጣችና ምንም ሳትል መዳፏን ዘረጋች። የእኔ ጀግና ክብሪቱን ቁጭ አደረገላት። እኔንም «እማማ፣ ስልክዎን» አለችኝና ሁለቱንም በሩ ላይ የተንጠለጠለ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተች።

ጓንቷን አጥልቃ የሲሊንደሩን መዝጊያ ዘጋች፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችውም። ለምን ስለው፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ጋዝ ጨርሶ ራሱ እንዲጠፋ ነው አለኝ ሽማግሌዬ፣ የተማረ ይመስል። እውነትም ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ጠፋ። ባዶውን ፈታ አወረደች፣ ሙሉውን ጭና አሰረች፣ ቀስ ብላ ከፈተች፣ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብታ ጎንበስ ብላ አየች። የሚያፈተልክ ጋዝ ቢኖር አረፋው ይነፋ ነበር። እስክትጨርስ እሱ ትንፋሹን ይዞ ቆሟል። ልጆቹን ስወልድለት እንኳ እንዲህ አልያዘም።

ስልኬን ስትመልስልኝ ጠየቅኳት። «ልጄ፣ ምን ብለሽ ነው ክብሪት ያስጣልሽው?»

«ምንም አላልኩ፣ እማማ። እጄ ላይ ካልመጣ ሥራ አልጀምርም። ቆሜ እጠብቃለሁ።»

በቅናቴ ላይ ሌላ ቅናት ተጨመረብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለማመጠው ኖሬ፣ ለካ ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነበር።

አመሻሹ ላይ የቤታችን በር ላይ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሰቅዬ ጠበቅኩት። ሲመጣ መዳፌን ዘረጋሁ።

«ምን ሆንሽ አንቺ? እዚህ ደግሞ ጋዝ የሚቀይር ማነው?»

«ማንም። ራት ግን አላቀርብም። ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ቆመ። እኔም ቆምኩ። የሽሮው ሽታ በመሀላችን ወጣ። በመጨረሻ ክብሪቱን መዳፌ ላይ አኖረው፤ ቆርቆሮው ውስጥ ጣልኩና ክዳኑን ገጠምኩበት።

ገና ደስ ሊለኝ ሲል፣ «ልጅቷ ግን ስትቀበለኝ ፈገግ ትላለች» ብሎኝ ወደ ሽሮው አለፈ።