ፋሲካን የጠበቀው ሳህን

የዝንጅብል ሾርባ በሸተተኝ ቁጥር በሰው አገር፣ ከፒኮ መንገድ አጠገብ የነበረው አፓርታማችን፣ ጠባቡ ኮሪደርና ሁልጊዜ ገርበብ የሚለው የእትዬ ቻን በር ይመጡብኛል። እትዬ ቻን ከሆንግ ኮንግ የመጡ ጎረቤታችን ነበሩ፤ «እትዬ»ን የጨመረችላቸው እናቴ ናት፣ ታላቋን በባዶ ስም መጥራት ነውር ሆኖባት።

ዝናቡ ሳያባራ፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በሰማያዊ አበባ ባጌጠ ጎድጓዳ ሳህን ዝንጅብል የገባበት የዶሮ ሾርባ ይዘው መጡና «ዪክ ጋይፎንግ» ብለው ሰጡን። ጎረቤትም ይጠቀም እንደማለት ነው ብለው በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዱኝ። እናቴ እጅ ነስታ ተቀበለች፣ ሾርባውን ግን ገና ለጾም ያልደረስኩት እኔ ብቻዬን ጠጥቼ ጨረስኩት።

ሳህኑ ታጥቦ ፍሪጅ ላይ ተቀመጠ። ባዶ ሳህን አይመለስ ነገር፣ እናቴ ደግሞ እልኸኛ ናት።

«ዶሮ ልከውልኝ ሽሮ ልመልስ? እስከ ፋሲካ ይታገሱኝ» አለች፣ ድንገት ልታስደስታቸው ፈልጋ ለማንም እንዳልናገርም አስጠነቀቀችኝ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን እትዬ ቻን ኮሪደር ላይ አስቁመውኝ ሾርባዬን ጠላችሁት እንዴ ብለው ጠየቁኝ፤ የእናቴን ማስጠንቀቂያ አስቤ ወደ ቤታችን ሮጥኩ። ከዚያ ወዲህ በራቸውን ይዘጉ ጀመር፣ እኔም በጣም አዝን ነበር፤ በዚያ ፎቅ ላይ በስሜ የሚጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ፋሲካ ሲደርስ እናቴ ሳህኑን በዶሮ ወጥ ሞላችው፣ ሁለት እንቁላል ጨመረችበት፣ ነጠላዋን ለብሳ በራቸውን አንኳኳች። እትዬ ቻን ፊታቸው ሳይፈታ ከፈቱ። እናቴ እንግሊዝኛው ጠፋባት፤ ሳህኑን በሁለት እጇ ዘርግታ፣

«ዪክ ጋይፎንግ» አለች።

ስለ ጾሙ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሳህኑን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ሳቃቸው ኮሪደሩን ሞላው።

ከዚያ በኋላ ሳህኑ ለዓመታት ከበር በር ይመላለስ ነበር፤ በበጋ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ በጾም ሽሮ ይዞ ይሄዳል፤ እትዬ ቻን ሽሮውን ከዶሮው አብልጠው ወደዱት። በኋላ፣ እናቴ ሥራ እኔም ትምህርት ቤት በዋልንበት ቀን፣ ልጃቸው መጥቶ ወደ ራሱ ከተማ ወሰዳቸው።

አሁን የራሴ ቤት አለኝ፤ የጎረቤቴን መኪና ከሩቅ እለያለሁ፣ ስሙን ግን አላውቅም። ሳህኑ እኔ ጋ ነው። የመመለሱ ተራ የኛ ነበር።