ከምድጃ የወጣው ቦርጫም

ላጲስ ይሏታል። ስሟ አይደለም፤ ግን የእናቷ ቤት ሳይቀር በዚሁ ነው የምትጠራው። ሰው ይዞላት የመጣውን ስታጠፋ ነዋ የምትውለው! ለመሥሪያ ቤትና ለሱቅ ዓርማ መሥራት ነው ሙያዋ። አንዱ ፀጉር አስተካካይ ይመጣና፣ «መቀስ፣ ማበጠሪያ፣ መስታወት፣ ከላይ ዘውድ፣ ከኋላ ደግሞ ሉል ይግባልኝ» ይላል። ሉሉ ምን ሊሠራ? ዓለምን ሊላጭ ነው? ላጲስ ወንበር እንኳ ሳትስብለት ትጀምራለች። «ሉሉ ይውጣ። ዘውዱ ይውጣ። መስታወቱም ይውጣ።» ሰውየው ማበጠሪያውን ብቻ እንድትተውለት መለማመጥ ይጀምራል። ብዙዎቹ ተሳድበው ይወጣሉ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ግን ከነዘውዱ ተለጥፎ ምንነቱ የማይለየውን የጎረቤታቸውን ታፔላ ያዩና ተመልሰው ይወጣሉ።

የምትሠራባት ክፍል ከልብስ ሰፊ ቤት በላይ ናት። የስፌት መኪናው ሲነሳ ጠረጴዛዋ ይንቀጠቀጣል። «አንተ ሰውዬ፣ ክብ ልስል ነው!» ብላ ወለሉን በጫማዋ ትደበድባለች። «በይ ቶሎ በይ፣ አቁሜልሻለሁ!» ይላል ልብስ ሰፊው ከታች። ክቡ እስኪያልቅ ድረስ የደንበኛው ሱሪ አንድ እግሩ ሳይሰፋ ይጠብቃል።

ሙያውን ያስተማራት የለም። ማተሚያ ቤት ጸሐፊ ሆና ተቀጥራ እያየች ነው የለመደችው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከኢንተርኔት ያወረዳትን አንዲት የሚጨባበጡ እጆች ሥዕል ለመጣ ሁሉ ይሸጥ ነበር። ለክሊኒክ ሸጠ፤ አሳለፈችው። ለጋራዥ ሸጠ፤ ጥርሷን ነከሰች። ለሬሳ ሳጥን ሠሪ ሲሸጥ ግን ብድግ አለች።

«ሬሳ ሳጥን ሠሪው ከማን ጋር ነው የሚጨባበጠው?»

«ምን አገባሽ? ደንበኛው ወዶታል።»

ያኔውኑ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ደግ አደረገች። ሰው ላቡን አንጠፍጥፎ በከፈተው ቤት ላይ ከማንም የማይለየውን ምልክት ለጥፎ ሒሳብ መቀበል ሌብነት ነው። የጨዋ ስም ልንፈልግለት አይገባም።

እንግዲህ ይህቺ ሴት ታላቅ እህት አለቻት፤ «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ ከአባታቸው የወረሰችውን ዳቦ ቤት ታስተዳድራለች። ዳቦውን በአሮጌ መኪና እየጫነ የሚያደርሰው ደግሞ የእናታቸው ወንድም ነው፤ ጋሼ ይሉታል። ጋሼ መኪናውን ባቆመበት ሁሉ ይወርድና፣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ሆዱን ወደፊት ገፍቶ አካባቢውን ይቃኛል። ሌላው ሰው ነው ቅርጫቱን የሚያወርደው።

አንድ ቀን ከዳቦው ግማሹን የሚወስደው የሱፐርማርኬት ባለቤት እትዬን ጠራት። ከሦስት ዳቦ ቤቶች ነበር የሚቀበለው፤ የሦስቱም ዳቦ ክብ፣ የሦስቱም ቡናማ ነው፤ አንድ ቅርጫት ውስጥ ገብቶ አይለይም። «መደርደሪያ ጠቦኛል» አላት። «ከአሁን በኋላ የምይዘው የአንዳችሁን ብቻ ነው። ሰው በስሙ እየጠራ የሚጠይቀኝን ዳቦ እይዛለሁ። ወሩ ሲያልቅ እንተያያለን።»

እትዬ እያለከለከች የላጲስን ደረጃ ወጣች። ይህ ገበያ ከቀረባት ሁለተኛውን ምድጃ ማጥፋት፣ አብረዋት ከሚያቦኩት ሴቶችም ማንን እንደምታሰናብት መምረጥ ሊኖርባት ነው። ያንን ምርጫ ስታስበው እንባዋ ይመጣል።

«ዳቦው ራሱ ላይ የሚታተም ዓርማ ሥሪልኝ» አለች። «የስንዴ ዛላ ይኑረው። ፀሐይም ትውጣበት። ሁለት እጆች ይቀበሏት። አባባም ይግባበት።»

«አባባ ዳቦ ላይ አይገባም።»

«ለምን? የከፈተው እሱ አይደል?»

«ሰው አባባን እንዲነክሰው ትፈልጊያለሽ?»

«በሕይወት እያለ ስንቱ ነክሶታል!» አለች እትዬ፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ሳቁ።

ላጲስ ፀሐይዋን አጠፋች። ዛላውን አጠፋች። እጆቹንም አጠፋች። «ልጅ አቧራ የጠጣ መስኮት ላይ በጣቱ ሊስለው የሚችል አንድ ነገር ብቻ» አለች። በመጨረሻ የቀረችው ክንፎቿን ወደ ላይ የዘረጋች አንዲት ወፍ ናት። ታምራለች፤ ውሸት ምን ያደርጋል! ላጲስም እንደ ልማዷ ፈተነቻት። በሸሚዝ ቁልፍ ልክ አሳንሳ አየቻት። መንገድ ተሻግራ አየቻት። በቆሸሸ መስታወት በኩል አየቻት። ጋሼን መኪና አስነድታ በመስኮት እየበረረች አየቻት። ወፏ ሁሉንም አለፈች። ከዚያ ከእንጨት ማኅተም ቀረጸችላት።

«ግን እኮ ሊጡ...» ብላ ነበር እትዬ።

«በሙያዬ አትግቢ!»

እትዬ አልገባችም።

በማግስቱ ጠዋት ሊጡ ታተመ፣ ኩፍ አለ፣ ምድጃ ገባ። እትዬ የምድጃውን በር ስትከፍት መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥሎ ወገቧን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ላጲስ ሮጣ መጣች። የወፏ ደረት አብጦ ቦርጭ ሆኗል። ክንፎቿ ተቆልምመው ወገብ ላይ አርፈዋል። ጭራዋ ለሁለት ተከፍሎ እግር አውጥቷል። ራሷም አንገት የሌለው የሰው ራስ ሆኗል። ከመጋገሪያው ትሪ ላይ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ ቦርጫም ሰውዬ በመደዳ እያያቸው ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ቀስ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ላይ ጋሼ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ምን ሆናችሁ? አረረ እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ አቡኪ ሊጥ በነካ እጇ እንባዋን ስትጠርግ ፊቷ ነጭ ሆነ፤ በእሷ ደግሞ እንደገና ተሳቀ።

«ሊጥ እንደሚያብጥ አታውቂም?» አለች ላጲስ እህቷን፤ ያልሳቀችው እሷ ብቻ ናት።

«አውቃለሁ እንጂ! ‹አትግቢ› አልሽኝ፤ አልገባሁም።»

ዳቦ አይጣልም፤ ጋሼ እያጉረመረመ ጫነው። «እኔን? ሆዴን እየቀደደ ሰው ይብላኝ?» ላጲስ ማኅተሙን ምድጃው ውስጥ ወረወረችው፤ ሥዕሉንም ቀዳደደችው። ቀናት ፈጀባት። የሚያብጠውን እያጠበበች፣ የሚቆለመመውን እያቀጠነች፣ የተበላሸውን ዳቦ እየበላች አዲስ ማኅተም ቀረጸች፤ እስከዚያው እትዬ ያለ ምልክት ነበር የምትጋግረው። አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወፏ ከምድጃ ወጣች፤ ክንፏ የተዘረጋ፣ አንገቷ ቀጥ ያለ። እንከን የላትም።

በማግስቱ ላጲስ ራሷ ቅርጫቱን ተሸክማ ሱፐርማርኬት ገባች፤ ሰው እንዴት እንደሚደነቅ ልታይ ነው። አንዲት አሮጊት ዳቦውን እያገላበጡ ሲፈልጉ አየች።

«ቦርጫሙ ዛሬም የለም?» አሉ አሮጊቷ።

«ዛሬም አልመጣም፣ እማማ። ወፍ ነው የመጣው» አለች ሻጯ።

«ወፍ ምን ያደርግልኛል? የልጅ ልጆቼ ሆዱን እኔ ልብላ እኔ ልብላ እየተባባሉ ነው ያን ቀን ቁርሳቸውን የጨረሱልኝ።»

«እማማ፣ ከዚያው ከእህቴ ዳቦ ቤት እኮ ነው» አለች ላጲስ። «ትክክለኛው ይሄ ነው።»

«ቆንጆ ነው ልጄ፤ እጅሽ ይባረክ። ቦርጫሙን ግን አላየሽልኝም?»

ባለቤቱ ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ አለ። «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው? ሰው ሁሉ እሱን እየጠራ አሳበደኝ! የእህትሽ ከሆነ የወሩን መጨረሻ አልጠብቅም፤ መደርደሪያው የእሷ ነው። ነገ ቦርጫሙ ካልመጣ ግን ወፋችሁን ይዛችሁ ብረሩ።»

ላጲስ መንገድ ዳር ቆመች። ፀጉር አስተካካዩን፣ ጫማ ሻጩን፣ የጥርስ ሐኪሙን «ሰው አይቶ ካልጠራው ዓርማ አይደለም» እያለች ስትጮህባቸው የኖረችው እሷ አይደለችም? ስንቱን ዘውድ አስወልቃለች! ዛሬ ደግሞ ከምድጃውና ከአሮጊቷ ፊት የምትቆም ደንበኛ እሷ ሆነች፤ «ይውጣ» የተባለው ደግሞ የእሷ ወፍ ነው። ሳቁ ከሆዷ ተነሳ። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ወጣ፣ ከዚያ በአፏ፤ መንገደኛ እያያት እየሳቀች ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጠች። በር ላይ ስትደርስ ግን ሳቁ ቀጥ አለ። ማኅተሙ ተቃጥሏል። ሥዕሉም የለም። ከተበሉት ዳቦዎችስ ማን ያስቀረ አለ?

«ጋሼ...» አለች እትዬ ቀስ ብላ።

ጋሼ መሬት መሬት እያየ ወደ መኪናው ወሰዳቸው። መኪናው ውስጥ፣ ከመሪው ፊት ለፊት፣ አንድ የደረቀ ቦርጫም ዳቦ እንደ ፎቶግራፍ ቆሟል። እንዲያብረቀርቅም ዘይት ተቀብቷል።

«‹ትበሉኛላችሁ› ብለህ ታኮርፍ አልነበር?» አለች ላጲስ።

«እሱን ማንም አልበላውም» አለ ጋሼ።

ላጲስ ደረቁን ዳቦ ከፊቷ፣ ጋሼን ከዳቦው አጠገብ አቁማ መቅረጽ ጀመረች። አሁን ሊጡ የት እንደሚያብጥ ታውቃለች፤ ወፏን ለማዳን የተማረችውን ገልብጣ ለቦርጩ አዋለችው።

«ሆዴን ልሳብ?» አለ ጋሼ።

«እንዳትስብ! የምንሸጠው እሱን ነው!»

በማግስቱ ሁለቱም ምድጃዎች በቦርጫም ሞልተው ተከፈቱ። ጋሼ ጭኖ ሊነሳ ሲል ተመለሰና በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«አንቺ ላጲስ፣ ለሚቀጥለው አንዲት ባርኔጣ ብጤ ብትጨምሪልኝስ?»

«ይውጣ!» አሉ ከአቡኪዎቹ እስከ እትዬ፣ ላጲስ አፏን ሳትከፍት።