ያሰለፈ ይጭናል

ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከነቀምቴ ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክሊኒክ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ነበር። ክሊኒኳ ቀድሞ የኳስና የመረብ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛውን በአልኮል ወልውዬ፣ ጥጡን ቆራርጬ፣ መርፌ የሚፈራ ልጅ ውጭውን እያየ እንዲቀመጥ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጨርሻለሁ፤ የጎደለው የሚከተብ ልጅ ብቻ ነበር። በመስኮቱ የገባው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከአጥሩ ማዶ ካለው ማሳ፣ በብዙ እግር የተረጋገጠ የማሽላ አገዳ ሽታ፣ እርጥብ፣ ጣፋጭ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። ያን ሽታ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ዐውቀዋለሁ።

አገዳውን የሰበሩት ልከትባቸው የመጣሁት ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ከየገጠሩ መጥተው በዘመድ ቤት ተጠግተው የሚማሩ፣ በጸጥታ ችግሩ ዓመታት ክትባት ያመለጣቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ከሁሉም ልቤ ላይ የነበረችው ሌሊሴ ናት፤ ከአኖ ወዲያ ካለ መንደር የመጣች፣ አክስቷ ዘንድ የምትኖር፣ በዐሥራ አራት ዓመቷ አንድም መርፌ ክንዷን ነክቶት የማያውቅ ልጅ። በመንደሯ ያለው ጤና ኬላ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ለሴቶች ልጆች የሚሰጠው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያም ለእርሷ ዕድሜ የዘንድሮው የመጨረሻው ነበር። ሳምንታት ለምኜያት በመጨረሻ፣ «እርስዎ» ላይ ገና ባልደረሰው አማርኛዋ፣ «ሲስተር፣ አንቺ ራስሽ ከወጋሽኝ እሺ። ሌላ ሰው ከሆነ ግን እሮጣለሁ፤ ሩጫ ደግሞ ታውቂያለሽ!» ብላኝ ስቃ ነበር።

ከርእሰ መምህሩ ከኦቦ ቶሌራ ጋር የተስማማነው ልጆቹ ከየክፍላቸው ሦስት ሦስት እየሆኑ፣ እንደ ዘበት እንዲመጡ ነው። ኦቦ ቶሌራ ግን ቀና ሰው ናቸው፤ ቀና ሰው ደግሞ ይቸኩላል። ስደርስ ልጆቹን በዕድሜ ለይተው በባንዲራው ሥር አሰልፈዋቸው፣ አርፋጅ እንዳይገባ በሩን አስቆልፈው፣ «ሲስተር፣ ጊዜዎ እንዳይባክን አዘጋጅቼ ጠበቅሁዎ!» አሉኝ። ከሰልፉ ጀርባ አንድ ድምፅ፣ «ውጭ መኪና ቆሟል፤ ሊወስዱን ነው!» ሲል ጮኸ። ውጭ የቆመው እኔንና ክትባቱን ያመጣው መኪና ነበር። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ግቢው ባዶ ሆነ፤ የኋላው አጥር ተጋደመ፤ ማሽላው እንደ ውኃ ተከፍሎ ዋጣቸው። የሌሊሴ ሰማያዊ ሹራብ መጨረሻ ላይ ሲሰወር አየሁት።

እኛ በድርቁ ዘመን ከወሎ ተጭነው ወለጋ ከሰፈሩት ወገን ነን። የመንደራችንን ጎጆዎች ካድሬ በገመድ ለክቶ በመደዳ ስላስተከላቸው፣ አባቴ «ቤቱም እንደኛ ተሰልፏል» እያለ ያሾፍ ነበር። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን የጥንቅሽ ዘር ከጓሯችን ዘርታው፣ እኔና ሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እኅቴ ሰዓዳ አገዳውን እያኘክን ጥርሳችን እስኪደነዝዝ እንመጠው ነበር። ከወንዙ ማዶ የምትኖረው አዴ ጫልቱ አንጮቴ ባመጣችልን ቀን፣ እናቴ ያን ድንጋይ የመሰለ ሥር እንደ ድንች ልጣ ጣደችው፤ አዴ ጫልቱም ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ «ሃዳ ሰዓዳ! ይህ እኮ ከነልብሱ ነው እሳት የሚገባው፤ ራቁቱን አዋረድሽው!» አለቻት። የሰዓዳ እናት ማለቷ ነው፤ በኦሮምኛ እናቴ ያወቀችው የመጀመሪያ ስሟ ይህ ነበር።

አንድ ቀን ነጭ መኪና መጣ። ከመኪናው የወረዱት ሰዎች በድምፅ ማጉያ፣ ልጆች ይዛችሁ በሰልፍ ቁሙ፣ ክትባት ነው፣ አሉ። ክትባት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ሰልፍ ምን እንደ ሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። በወሎ እህል ይሰፈርላችኋል ተብለው ተሰልፈው ነበር መኪና ላይ የወጡት፤ ከዚያ ወዲህ «ያሰለፈ ይጭናል» የመንደሩ ተረት ሆኗል። እናቴ እኔንና ሰዓዳን እየገፋች ማሽላው ውስጥ አስገባችን። መንደሩ በሙሉ እዚያው ነበር፤ አሮጊቶች፣ ሕፃናት፣ አንዲት ፍየል ሳትቀር። ሰዓዳ ጥንቅሽ ሰብራ በጥርሷ እየላጠች፣ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በአገዳው ወትፋ ታየኝ ነበር። ሰዎቹ ተጣርተው ተጣርተው፣ ስንቃቸውን በልተው፣ ሄዱ።

በልጅነቴ እንደዚያ አመሻሽ የሳቅንበት ጊዜ አላስታውስም። በቆሎ ተጠበሰ፤ አባቴ የድምፅ ማጉያውን ሰውዬ በማንቆርቆሪያ እያስመሰለ ሰዉን በሳቅ አንፈራፈረው፤ ከመጣን ጀምሮ ስትስቅ ያላየኋት እናቴ ዕንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ሳቀች። አልተጫንንማ! ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ ያምራል፤ ስለዚህም ነው ይቅር ልለው ያልቻልሁት።

ቀጣዩ በቆሎ ሳይደርስ ኩፍኝ ገባ። በራችን ላይ ጋቢ ተጋረደ፤ ሰዓዳ ብርሃን መረራት፤ እናቴ ከአጠገቧ ሳትነሣ «አብሽሪ፣ ልጄ፣ አብሽሪ» ስትል ሰነበተች። አብሽሪ ያለቻት ልጅ ግን አልተነሣችም፤ የመንደሩ ሌሎች ልጆችም ተከተሏት። የአዴ ጫልቱ ልጆች በቀበሌያቸው ተከትበው ስለ ነበር አንዳቸውም አልታመሙም። አዴ ጫልቱ ወተት ይዛ መጥታ ከደጃችን ተቀመጠች፤ የምታውቀውን ያን ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ለእናቴ አልተናገረችም። እናቴም ሃዳ ሰዓዳ ተብላ መጠራቷን ቀጠለች።

ጤና ላጠና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ እናቴ ምርቃቷን ስትጨርስ እጄን ይዛ፣ «አደራ፣ አታሰልፊያቸው» አለችኝ። ዛሬ እናቴ የለችም፤ ጥንቅሹ ዘሩ ጠፍቷል፤ መንደሩም ባዶ ነው፤ ነዋሪዎቹ ዳግመኛ ተጭነው፣ ወደ መጡበት ተመልሰዋል። የተረፈው ፍርሃቱ ብቻ ነው፤ እርሱም ቋንቋ ለውጦ፣ ወሎን አይተው የማያውቁ ልጆች ልብ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። እንዳልቈጣው እናቴን ይመስለኛል፤ እንዳልተወው ሰዓዳን ገድሎብኛል።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት በኦቦ ቶሌራ ቢሮ ተሰበሰብን። ወላጆች በር ላይ ቆመው ነበር፤ ኦቦ ቶሌራ ዐይኔን ማየት አልቻሉም። ሰዉ እስኪረጋጋ ድረስ በትምህርት ቤቱ ክትባት እንዳይሰጥ፣ ክትባቱ ወደ ከተማው መጋዘን እንዲመለስ፣ ክፍሏም ለኳሱ እንድትመለስ ተወሰነ። ተቃውሞዬን አስመዝግቤ፣ ክትባቱ ሳይመለስ አንዱን በበረዶ ሣጥን ይዤ ወደ ሌሊሴ አክስት ቤት ሄድሁ፤ እዚያው ቤታቸው፣ እኔው ራሴ፣ እንደ ቃሌ ልከትባት።

አክስቷ በክብር ወንበር አቀረቡልኝ። እርሳቸው የወሰኑት ከእኛ ቀድመው ነበር።

«ሲስተር፣ አይቀየሙኝ» አሉኝ፤ «የሰው ልጅ ነው በእጄ ያለው። ቢወስዱብኝ እናቷን ምን እላታለሁ? ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ መንደሯ ጫንኋት።»