የአባ ፋኖስ ፈረስ

ባለፈው ሰሞን ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ላፍቶ ስመጣ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲያችን ቆመ። ከጎናችን ከውስጥ ለውስጥ መንገድ የወጣ፣ አሸዋ የጫነ ጋሪ ነበር። ፈረሱ በላብ ተጠምቋል፤ የላቡና የቆዳው ሽታ በመስኮት ገባ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «ኤጭ!» ብላ መስኮቱን ልትዘጋ ስትል እጇን ያዝኳት። «ተይው እባክሽ» አልኳት። ደንግጣ አየችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ያ ሽታ ለእኔ የአባቴ ጋቢ ሽታ ነው፤ አጎቴ የሠራንን ሥራም የሚያስታውሰኝ እሱ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ? እኔ አልረሳሁም፤ ልረሳም አልፈልግም።

ያኔ ላፍቶ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነበር። ዛሬ አፓርታማ በተደረደረበት ቦታ ገብስ ይዘራ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የእርጥብ ጭድና የእበት ሽታ ከታክሲ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። የእኛ ግቢና የአጎቴ ግቢ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ማለቴ ነው፣ በአንድ የባሕር ዛፍ አጥር ይዋሰኑ ነበር። አባቴ ዳማ ፈረስ ነበረው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ፋኖስ ብሎ ስም አወጣለት። በእኛ ሰፈር ደግሞ ፈረሰኛ የሆነ ሰው በፈረሱ ስም እንጂ በገዛ ስሙ አይጠራም፤ ስለዚህ አባቴ አባ ፋኖስ ነበር። የራሱን ስም ጭራሽ የማያውቁ ጎረቤቶች ነበሩን።

በጥምቀት ታቦቱ ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ጉግስ ነበር። ፈረሰኞቹ ጋልበው ጋልበው ሲያበቁ፣ በየተራ ሽማግሌዎቹ ፊት እየወረዱ ይፎክራሉ። ያን ጊዜ ፈረሱን ሰው የሚያስይዝ ይታማል። ልጓሙን ፈረሱ አንገት ላይ ጣል አድርጎ መፎከር ነው ወጉ፤ ፈረሱ ትቶት ካልሄደ ስሙ ይገባዋል። አባቴ እየፎከረ ወዲያ ወዲህ ሲል ፋኖስ ከኋላ ከኋላው ይከተለው ነበር። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ ደረቴን ነፍቼ «የእኔ አባት ነው እኮ!» እያልኩ ለማላውቀው ሰው ሁሉ እናገር ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ሞተ። አርባው በወጣበት ቀን፣ ድንኳኑ እንኳ ሳይነሳ፣ አጎቴ ገመድ ይዞ በረታችን ገባ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። «ሁለት ሴቶች ፈረስ ምን ይሠራላችኋል?» አለና ፋኖስን እየጎተተ ወጣ። ፈረሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። አጎቴ የመሬት ደላላ ነበር፤ ገንዘብ ነበረው፣ ክብር ግን አልነበረውም። ጠጅ ቤት ገብቶ «ከእንግዲህ አባ ፋኖስ እኔ ነኝ» ብሎ ለቤቱ ጋበዘ። በሳምንቱ ሱቅ ተልኬ ስሄድ ባለሱቁ ለአንዱ ሰውዬ «አባ ፋኖስ አሁን እዚህ ነበሩ እኮ» ሲለው ሰማሁ። ዘይቱን እዚያው ጥዬ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። እርር ድብን አልኩ።

ፈረሱ ግን እሺ አላለውም። አጎቴ የሚያውቀው አለንጋ ብቻ ነበር። ማታ ከመንደሩ ሲመለስ ጅራፉ ሲጮህ በአጥሩ በኩል ይሰማናል፤ ጠዋት የፋኖስ አፍ ልጓሙ ቆርጦት ደም ቋጥሮ አየዋለሁ። «በሕዝብ ፊት አዋርደዋለሁ» አልኳት እናቴን። «ፈረሱን አስከዳዋለሁ። ያንን ስም ከአፉ ላይ አወልቀዋለሁ!»

እናቴ የሱሉልታ ልጅ ናት፤ ፈረስ ከሚያረባ ቤት የወጣች። «ፈረሱ እንዳይመታ ከሆነ አስተምርሻለሁ። ለቂም ከሆነ አላስተምርሽም» አለችኝ። አፌ «እሺ» አለ። ሆዴ ሌላ ነበር።

አጎቴ ለድለላ ወደ መካኒሳ ሲወጣ ጠብቀን እንገባ ጀመር። ሚስቱ በረቱን የሚጠርግላት ካገኘች ሌላ ነገር አትጠይቅም ነበር። የመጀመሪያ ቀን በሩን በርግጄ ስገባ ፋኖስ ጥግ ይዞ ቂጡን አዞረብኝ፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎታል። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና አየችኝ።

«በምን ሆድሽ ነው የገባሽው?»

«በምን ሆዴ ነው? ባዶ ሆዴን ነዋ» አልኳት።

«ተናደሽ ነው የገባሽው። እሱ ገና ከደጅ ሰምቶሻል። ውጪና እንደገና ግቢ።»

ወጣሁ፣ ገባሁ። «አሁንም ትከሻሽ ላይ አለ። ውጪ!» ደግሞ ወጣሁ። ስንቴ እንዳመላለሰችኝ አልነግራችሁም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ልጄ» ትለኝ ነበር። ይህቺ ሴትዮ ልታሳብደኝ ነው እል ነበር በልቤ።

በኋላ ገመድ ሰጠችኝ። እንድጎትትበት እንዳይመስላችሁ። «ያዝ አድርጊውና ጠብቂ» አለችኝ። «አንድ እግሩን ወዳንቺ ሲያነሳልሽ፣ ያኔውኑ ገመዱን አላዪለት። ምስጋናው ማላላትሽ ነው። ዘግይተሽ ካላላሽለት ምን እንዳደረገልሽ አያውቅም።» እኔ እጠብቃለሁ፤ ዝንብ ይጮሃል፣ በባሕር ዛፉ መሐል ፀሐይ ትገባለች፣ ፈረሱ አይነቃነቅም። ከዚያ ድንገት ክብደቱን ያዛውራል፤ አንድ ኮቴ ይነሳል። አላላሁለት። ከንፈሩን ላሰ፣ አላመጠ። «አየሽ» አለች እናቴ፣ «እያሰበ ነው።» ሌላ ቀን መዳፌን ትከሻው ላይ አሳርፌ ፈቀቅ እንዲል ጠበቅሁት። ሌላ ቀን ደግሞ አንገቱን ዝቅ እንዲያደርግ። አንዳንዴ ምንም ሳንሠራ አጠገቡ ቆመን ዝም ብለን እንውል ነበር፤ ይህም ትምህርት ነው ትለኛለች።

በመጨረሻ ገመዱን ራሷ አወለቀችለት። «እንግዲህ የሚወድሽ መሆኑን የምታውቂው አሁን ነው። ዓይኑን አፍጥጠሽ አትይው። በረጅሙ ተንፍሺ፣ ጀርባሽን ስጪው፣ ሂጂ።» ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጭዱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ አረፈ። ስቆም ቆመ። ስዞር ዞረ። እዬዬ ብዬ አለቀስኩ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ሁሉ ጊዜ አጎቴን ረስቼው ነበር። መርሳቴ ትዝ ሲለኝ ተናደድኩ።

ጥምቀት ደረሰ። አጎቴ አዲስ ካባ ደርቦ፣ ፋኖስን በቀይ ዘርፍ አስጊጦ ሜዳው ላይ ወጣ። ጋለበ፤ መጋለቡንስ ጋለበ። ተራው ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ፊት ወረደና ልጓሙን ጣል አደረገ። ፋኖስ ዱላ ፈርቶ ባለበት ደርቆ ቆመ። አጎቴም «ዘራፍ! እኔ አባ ፋኖስ!» አለ።

እኔ ከሴቶቹ መሐል ወጥቼ ወደ ፊት ተጠጋሁ። ፈረሱ አየኝ፤ ጆሮውን ቀሰረ። ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድኩ። አልመጣም! ዞሬ ሳይ ጭራሽ ጆሮውን ጥሏል። ደሜ ፈልቷል፣ ጥርሴን ነክሻለሁ፤ ሰማኝ ማለት ነው። አጎቴ ሁለተኛውን «ዘራፍ» ጀምሯል። ሽማግሌዎቹ በእሺታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው፤ ትንሽ ከቆየሁ ስሙ ለዘላለም የእሱ ሊሆን ነው። በኋላ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጎቴን ተውኩት። አባቴ ጠዋት ጠዋት ፋኖስን ሲያጥብ የሚያፏጨውን ፉጨት አሰብኩ። ትከሻዬ ወረደ፤ በረጅሙ ተነፈስኩ። ከዚያ ሄድኩ።

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አጎቴ «ሃይ! ሃይ!» ሲል ሰማሁ። ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ልጓሙ አንገቱ ላይ እንደተጣለ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሜዳውን አቋርጠን እናቴ ዘንድ ደረስን። አንድ ሽማግሌ አጎቴን «ወዳጄ፣ ለመሆኑ የማን አባ ነህ?» አሉት። ከጎረምሶቹ አንዱ «አባ ባዶ!» ብሎ ጮኸ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይኸው ዛሬም አርጅቶ ከዘራ ይዞ በአስፋልቱ ዳር ሲያልፍ ሰፈሩ ሁሉ አባ ባዶ ነው የሚለው። አንድም ቀን ተዉ ብዬ አላውቅም።

እናቴ ግን ያን ቀን አልሳቀችም። «አሁን ምን የሚያደርገው ይመስልሻል?» ብቻ አለችኝ።

ብዙም አልቆየ፤ አጎቴ ፋኖስን መልሶ ወስዶ ሞጆ ላሉ ባለ ጋሪዎች ሸጠው። አይሱዙ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፋኖስ ወደ መኪናው የሚያስወጣውን ሳንቃ አልረግጥም አለ። የሰፈሩ ጎረምሳ ተሰብስቦ ሳበው፣ ገፋው። አለንጋው ሲያርፍበት ቤት ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ፤ ጆሮዬን ብደፍንም እሰማለሁ። በመጨረሻ በራችን ተንኳኳ። አጎቴ ነው፤ ላቡ ይንጠባጠባል።

«ልጄ፣ እስቲ አንቺ ነይና ጫኚልኝ» አለኝ። ልጄ ብሎኝ አያውቅም።

«የማን ፈረስ ነው?» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የማን ፈረስ ነው፣ ጋሼ? ጮክ ብለህ ንገረኝ።»

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። «የአባ ፋኖስ» አለ።

«አባ ፋኖስ ማነው?»

መሬት መሬት እያየ «አባትሽ» አለ።

ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ፋኖስን ቀና ብዬ ሳየው ጎኑ በሰንበር ተዥጎርጉሯል፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል። እምቢ ብል እስኪወጣ ድረስ መመታቱ ነው። ጎረምሶቹን ገለል አደረግሁና ገመዱን አወለቅሁለት። ጀርባዬን ሰጥቼው ሳንቃውን ወጣሁ። ተከተለኝ። እየተንቀጠቀጠ፣ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ እስከ ውስጥ ድረስ ተከተለኝና አፍንጫውን ብብቴ ውስጥ ቀበረ።

አቅፌው ቆየሁ። ሹፌሩ ደግሞ ጡሩምባ ነፋ። መውረድ ነበረብኝ፤ ጀርባዬን ብሰጠው ግን ተከትሎኝ ይወርዳል፤ ከወረደ አለንጋው እንደገና ሊጀምር ነው። ስለዚህ ፊቴን ወደ እሱ እንዳደረግሁ፣ ዓይኑን ትክ ብዬ እያየሁ፣ ሳንቃውን በእግሬ እየዳሰስኩ ወደ ኋላ ወረድኩ። ፋኖስ ግራ ገብቶት ባለበት ቆመ። በሩ ተዘጋ። መኪናው ተነስቶ በአቧራው መንገድ ሄደ፤ ፋኖስ ሲያሽካካ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ያው ፊቴን ወደ ሄደበት እንዳደረግሁ ቆሜያለሁ።

እናቴ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። «በቃ ልጄ» አለችኝ። «አሁን ዙሪ።»